ለተሻሻለ ቱርቦ መኪና የነዳጅ መስመር ፊቲንግ አመራረጥ፦ ከታንክ እስከ ሬይል

ቱርቦው ትልቅ ሆነ፣ ነዳጅ የሚረጨው ኢንጀክተር ተቀየረ፣ ፓምፑም በሰዓት 340 ሊትር የሚገፋ ተደረገ። ገንዘቡ እዚህ ላይ ያልቅና ፊቲንግ (የቱቦ ማገናኛ) ጋ ሲደረስ ብዙ ሰው በቀለም ይመርጣል። ቀይና ሰማያዊው ያምራል፣ ጥቁሩ ደግሞ የውድድር መኪና ያስመስላል። መጠኑንም ጓደኛው የገጠመውን አይቶ ይወስናል። ጥፋቱ መኪናው ሲነሳ አይታይም። የሚታየው ሙሉ ቡስት (ቱርቦው ወደ ሞተሩ የሚገፋው የአየር ግፊት) ላይ የነዳጅ ግፊቱ ሲወርድ ነው። ወይም ደግሞ ከጋለው ቱርቦ አጠገብ ያለች አንዲት መገጣጠሚያ ማንጠባጠብ ስትጀምር።

ፊቲንግ ስመርጥ ሁሌም የምነሳው ከአንድ ጥያቄ ነው፦ ይህን መገጣጠሚያ የሚያሽገው ምንድን ነው? ጥርሱ ነው? ሾጣጣው ፊት ነው? ኦ-ሪንጉ (ክብ የጎማ ማሸጊያው) ነው? ወይስ ሮንዴላው? ለእያንዳንዱ መገጣጠሚያ መልሱ አንድ ብቻ ነው። መልሱን ካወቃችሁ የሚገዛው ዕቃ ራሱ ይመጣል። ካላወቃችሁ ግን ውዱም ፊቲንግ ያንጠባጥባል።

ወሰናችንን እናስቀምጥ። የማወራው ከታንክ ተነስቶ እስከ ኢንጀክተር ሬይል (ነዳጁን ለኢንጀክተሮቹ የሚያከፋፍለው ቧንቧ) ስለሚሄደውና ስለሚመለሰው ዝቅተኛ ግፊት መስመር ነው። ሞተራችሁ ነዳጁን ሲሊንደር ውስጥ በቀጥታ የሚረጭ ከሆነ፣ ከሜካኒካል ፓምፑ በኋላ ያለው ግፊት ከ100 ባር በላይ ይወጣል። እዚያ ላይ የፋብሪካውን የብረት ቧንቧ አትንኩ። ይህ መመሪያ ለእናንተ የሚሠራው እስከ ሜካኒካል ፓምፑ መግቢያ ድረስ ነው።

ከመነካካታችሁ በፊት

ሞተሩ ይቀዝቅዝ። የፓምፑን ፊውዝ አውጡና ሞተሩ በራሱ እስኪጠፋ አስነሱት፤ በመስመሩ ውስጥ ያለው ግፊት ይወርዳል። ከዚያ የባትሪውን ኔጋቲቭ ንቀሉ። የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ ወደ ታች ወርዶ ይተኛል። ስለዚህ መኪና ስር በተቆፈረ ጉድጓድ ውስጥ ሆኖ የነዳጅ መስመር መፍታት የለየለት አደጋ ነው። ቦታው አየር የሚያገኝ ይሁን። ለነዳጅ እሳት የሚሆን የዱቄት ወይም የፎም ማጥፊያ እጃችሁ የሚደርስበት ቦታ አስቀምጡ። የሚግል አምፖል አትጠቀሙ።

ደረጃ 1፦ መስመሩን ወረቀት ላይ ሳሉት

ምንም ከመግዛታችሁ በፊት እርሳስና ወረቀት ያዙ። ከታንክ ጀምራችሁ ፓምፑን፣ ፊልትሮውን፣ ሬይሉን፣ ሬጉሌተሩን (የነዳጅ ግፊት መቆጣጠሪያውን) እና የመመለሻውን መስመር ሳሉ። ሁለት ነገሮች በሚገናኙበት ቦታ ሁሉ ክብ አድርጉ። ከእያንዳንዱ ክብ አጠገብ ሦስት ነገር ጻፉ፦ በአንዱ ወገን ምን ዓይነት ቀዳዳ አለ፣ በሌላው ወገን ምን ይመጣል፣ ቦታው ይግላል ወይ ይንቀሳቀሳል።

አሁን ክቦቹን ቁጠሩ። ቀጥሎ ደግሞ የትኞቹን ማጥፋት እንደምትችሉ አስቡ። በአዳፕተር ላይ አዳፕተር፣ በዚያ ላይ ክርን ፊቲንግ፣ ከዚያ ቱቦ የሚደረደርበት አሠራር በየቦታው ይታያል። ብዙ ጊዜ ያ ሁሉ ነገር ከቀዳዳው ጥርስ በቀጥታ ወደ ቱቦው ቁጥር በሚቀይር በአንድ አዳፕተር ይተካል። የቀነሳችሁት እያንዳንዱ መገጣጠሚያ ከእንግዲህ የማያንጠባጥብ መገጣጠሚያ ነው።

ደረጃ 2፦ መጠኑን ከፓምፑ ተነስታችሁ ወስኑ

በዚህ ሥራ በብዛት የምታገኙት የኤኤን ቁጥር ነው። መነሻው የአሜሪካ ጦርና ባሕር ኃይል የአውሮፕላን መለኪያ ነው። ቁጥሩ የሚነግራችሁ የብረት ቧንቧውን የውጭ ስፋት በ1/16 ኢንች ነው። ኤኤን 6 ማለት 6/16 ኢንች፣ ማለትም 9.5 ሚሊ ሜትር ነው። ኤኤን 8 ደግሞ 12.7፣ ኤኤን 10 ደግሞ 15.9 ሚሊ ሜትር። ልብ በሉ፣ ይህ የውጩ ልክ ነው። ቁጥር 6 የቴፍሎን ቱቦ ውስጡ 8 ሚሊ ሜትር አካባቢ ብቻ ነው።

"መኪናዬ 400 የፈረስ ጉልበት አለው፣ ስንት ቁጥር ልግዛ?" የሚለው ጥያቄ ግማሹ ልክ ነው። እስቲ እናስላ። ቱርቦ ያለው የቤንዚን ሞተር ሙሉ ጉልበት ላይ ለአንድ የፈረስ ጉልበት በሰዓት 0.27 ኪሎ ግራም ገደማ ነዳጅ ይበላል። 400 ሲባዛ በ0.27 ወደ 108 ኪሎ ይመጣል። የቤንዚን አንድ ሊትር 0.75 ኪሎ ገደማ ስለሚመዝን፣ 144 ሊትር በሰዓት ማለት ነው። ኢ85 (አብዛኛው ኢታኖል የሆነ ቅልቅል ነዳጅ) ከሆነ በሊትር ሲቆጠር ከ30 እስከ 40 በመቶ ጨምሩ።

ታዲያ ፓምፑ 340 ሊትር የሚገፋ ከሆነ ቀሪው የት ይሄዳል? መመለሻ ባለው ሲስተም ሁሉም ነዳጅ እስከ ሬይሉ ይሄድና የተረፈው በሬጉሌተሩ በኩል ወደ ታንክ ይመለሳል። ስለዚህ የመላኪያ መስመሩን መጠን የሚወስነው ሞተሩ የሚበላው ብቻ ሳይሆን ፓምፑ የሚገፋው ጭምር ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ግን መመለሻው ላይ ነው። "የሚመለሰው ትርፉ ነው፣ ትንሽ ቱቦ ይበቃዋል" ይባላል። መኪናው በሥራ ፈት ዙር ላይ ቆሞ አስቡት። ሞተሩ በሰዓት አንድ ሁለት ሊትር ይበላል። የተረፈው ሁሉ፣ ከሞላ ጎደል የፓምፑ ሙሉ ፍሰት፣ በመመለሻው መውጣት አለበት። መስመሩ ጠባብ ከሆነ ግፊቱ ወደ ኋላ ይጠራቀምና ሬጉሌተሩ መቆጣጠር ያቅተዋል። ሞተሩ በሥራ ፈት ላይ ነዳጅ ይበዛበታል፣ ይጨሳል፣ ሻማ ያጠቁራል። ከዚያ ሰው ኢንጀክተሩን ወይም ኮምፒውተሩን ይወቅሳል።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። የሬጉሌተሩን የቫኪዩም ቱቦ ንቀሉና ጫፉን ድፈኑ። ሞተሩ እየሠራ የሬጉሌተሩን ማስተካከያ ቡሎን እስከ መጨረሻው አላሉ። ጌጁ ከሆነ ቁጥር በታች አልወርድ ካለ፣ ለምሳሌ 3 ባር ፈልጋችሁ 3.6 ላይ ከቆመ፣ መመለሻው ታንቋል። የፋብሪካውን 6 ሚሊ ሜትር መመለሻ ይዘው ትልቅ ፓምፕ የገጠሙ መኪኖች ይህን ያሳያሉ።

መመለሻ ላለው የቤንዚን ሲስተም እኔ የምይዘው ግምት እንዲህ ነው። እስከ 500 የፈረስ ጉልበት ድረስ ኤኤን 6 ለመላኪያም ለመመለሻም። ከ500 እስከ 800 ባለው ኤኤን 8 መላኪያ፣ ኤኤን 6 መመለሻ። ከዚያ በላይ ኤኤን 10 እና ኤኤን 8። በኢ85 የሚሄድ ከሆነ የመላኪያውን አንድ ደረጃ ከፍ አድርጉ። ሁለት ፓምፕ አብረው የሚሠሩ ከሆነ መመለሻውንም አብራችሁ ከፍ አድርጉ።

ፓምፑ ከታንክ ውጭ ከሆነ ደግሞ የመምጠጫው ወገን ለብቻው ይታሰባል። ፓምፕ መግፋት እንጂ መምጠጥ አይወድም። መግቢያው ላይ ጠባብ ፊቲንግ ወይም ሹል ክርን ካለ ነዳጁ ውስጥ አረፋ ይፈጠራል፣ ፓምፑም ይጮኻል፣ ፍሰቱም ይወርዳል፣ ዕድሜውም ያጥራል። ከመላኪያው አንድ ቁጥር ከፍ ያለ መስመር አድርጉ፣ ፓምፑንም ወደ ታንኩ አስጠጉና ዝቅ አድርጋችሁ ግጠሙ። ከፓምፑ በፊት 100 ማይክሮን፣ ከፓምፑ በኋላ 10 ማይክሮን ፊልትሮ የተለመደ ነው። 10 ማይክሮኑን ከፓምፑ በፊት ማድረግ ፓምፑን በገዛ እጅ ማነቅ ነው።

ስለ ግፊት ብዙ አትጨነቁ። መነሻው 3 ባር ከሆነና ቡስቱ 1.5 ባር ከደረሰ፣ ሬጉሌተሩ አንድ ለአንድ ስለሚከተል ሬይሉ ላይ 4.5 ባር ይኖራል። ደህና የሆነ የኤኤን ቱቦና ፊቲንግ ከዚህ ብዙ እጥፍ ይችላል። መስመሩን የሚጥለው ሙቀት፣ ንዝረትና የተሳሳተ ማሸጊያ ነው።

ደረጃ 3፦ እያንዳንዱ ቀዳዳ በምን እንደሚታሸግ ለዩ

ካሊፐርና የጥርስ መለኪያ ያስፈልጋችኋል። ካሊፐሩ ስፋቱን፣ የጥርስ መለኪያው ደግሞ በጥርሶቹ መካከል ያለውን ርቀት ያሳያል። በዓይን ወይም "ገባ እኮ" በሚል አትወስኑ። ለምን እንደሆነ አሁን ታያላችሁ።

ኤኤን ፍሌር። ወንዱ ጫፍ 37 ዲግሪ ሾጣጣ ነው፤ ሴቷ ከውስጥ ይህንኑ ትመስላለች። የሚያሽገው ብረት ለብረት የሚገጥመው ሾጣጣ ፊት ነው። ጥርሱ ሁለቱን አጥብቆ ከመያዝ በቀር ሌላ ሥራ የለውም። ስለዚህ እዚህ ላይ የቴፍሎን ቴፕ መጠምጠም ምንም አያሽግም፤ ይልቁንም የተቆረጠው ጭራ ወደ ኢንጀክተር ይገባል። የሃይድሮሊክ ሱቆች የሚሸጡት ጂአይሲ ፊቲንግም 37 ዲግሪ ስለሆነ ከኤኤን ጋር ይገጥማል። 45 ዲግሪ የሆነው ግን አይገጥምም። በአንዳንድ መጠን ጥርሱ አንድ ስለሆነ ይገባል፣ ይጠብቃል፣ ሾጣጣው ግን በቀጭን ቀለበት ብቻ ይነካካና ያንጠባጥባል።

ኦአርቢ (በኦ-ሪንግ የሚታሸግ ቀዳዳ)። ሬጉሌተርና ሬይል ላይ የምታገኙት ብዙውን ጊዜ ይህ ነው። ጥርሱ ቀጥ ያለ ነው፤ የሚያሽገው አንገቱ ላይ ያለው ኦ-ሪንግ በቀዳዳው አፍ ላይ ሲጨመቅ ነው። ወጥመዱ እዚህ ጋ ነው፦ የኦአርቢ 6 እና የኤኤን 6 ጥርስ አንድ ነው፣ ሁለቱም 9/16-18 (ስፋቱ 9/16 ኢንች፣ በኢንች 18 ጥርስ)። ኦአርቢ 8 እና ኤኤን 8ም 3/4-16 ናቸው። ስለዚህ የኤኤን ወንድ ፍሌር ኦአርቢ ቀዳዳ ውስጥ ያለ ምንም ችግር ይገባል። ነገር ግን ውስጥ የሚነካው ሾጣጣ የለም፣ ውጭም ኦ-ሪንግ የለውም። የሚያሽገው ነገር ጨርሶ የለም ማለት ነው። ከቀዳዳው አፍ ላይ የኦ-ሪንግ መቀመጫ ጠርዝ ካያችሁ ኦአርቢ ነው።

ኤንፒቲ (የአሜሪካ የቧንቧ ጥርስ)። ጥርሱ ወደ ጫፍ እየቀጠነ ይሄዳል። የሚያሽገው ራሱ ጥርሱ ስለሆነ ማሸጊያ የሚፈልገው ይህ ብቻ ነው። ነዳጅ የሚችል ፈሳሽ ማሸጊያ ተጠቀሙ፣ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጥርሶች ግን ባዶ ተዉ። ኤንፒቲ እንደ ሽብልቅ ስለሚሠራ የአሉሚኒየም ሬይል ወይም የፊልትሮ ቤት ላይ አብዝታችሁ ካጠበቃችሁት ቀዳዳውን ይሰነጥቀዋል። በኔ አስተያየት ምርጫ ካላችሁ ከኤንፒቲ ይልቅ ኦአርቢ ቀዳዳ ያለውን ሬጉሌተርና ሬይል ግዙ።

1/8 ኤንፒቲ የጌጅና የሴንሰር ቀዳዳ ላይ የተለመደ ነው። የሚመስለው ወንድም አለው፤ 1/8 ቢኤስፒቲ (የእንግሊዝ የቧንቧ ጥርስ)። ኤንፒቲው በኢንች 27 ጥርስ፣ ቢኤስፒቲው 28። የጥርሱም ማዕዘን ይለያል፣ 60 እና 55 ዲግሪ። አንዱ ሌላው ውስጥ ጥቂት ዙር ይገባና ይነክሳል። ሲጠብቅ የታሸገ ይመስላል፤ ሲሞቅ ያንጠባጥባል።

ሜትሪክ። የእስያና የአውሮፓ መኪና ላይ የምታገኙት ኤም12×1.25 (ስፋቱ 12፣ የጥርሱ ርቀት 1.25 ሚሊ ሜትር)፣ ኤም12×1.5፣ ኤም14×1.5 እና የመሳሰሉት ናቸው። ጥርሱ ቀጥ ያለ ስለሆነ የሚያሽገው የመዳብ ወይም የአሉሚኒየም ሮንዴላ ነው፣ አንዳንዴም ኦ-ሪንግ። የቦሽ 044 ፓምፕ ለምሳሌ መግቢያው ኤም18×1.5፣ መውጫው ኤም12×1.5 ነው። እዚህም ወጥመድ አለ። የኤኤን 6 ጥርስ ስፋቱ 14.3 ሚሊ ሜትር፣ የጥርሱ ርቀት 1.41 ነው። ኤም14×1.5 ደግሞ 14 እና 1.5። በዓይን ማንም አይለያቸውም፤ ኤም14 ወንድ ወደ ኤኤን 6 ሴት ጥቂት ዙር ገብቶ ይቆማል። እዚያ ላይ በቁልፍ የሚገፋ ሰው የአሉሚኒየሙን ጥርስ ይጨርሰዋል። ፊቲንግ በእጅ እስከ መጨረሻው ካልገባ ቁልፍ አታንሱ። አውጡና ለኩ።

ባንጆ። ቀዳዳ ያለው ቡሎን በቀለበት ውስጥ ያልፋል፣ በሁለቱም ወገን ሮንዴላ አለው። ሮንዴላዎቹ በተፈታ ቁጥር ይቀየራሉ። በቡሎኑ ውስጥ ያለው መንገድ ጠባብ ነው፣ ነዳጁም በሹል ይታጠፋል። ፋብሪካው በሠራው ጉልበት ላይ ችግር የለውም። ጉልበቱን እጥፍ ካደረጋችሁ ግን የፊልትሮውንና የሬይሉን ባንጆ በቀጥታ በሚገባ አዳፕተር ተኩ። ቁጥር 8 መስመር ዘርግቶ ጫፉ ላይ የፋብሪካውን ባንጆ መተው ወጪውን ከንቱ ያደርገዋል።

የፋብሪካ ፈጣን ማያያዣ። በዘመናዊ መኪና ታንክና ሬይል ላይ ጠቅ ብሎ የሚገባው ነው። ብዙዎቹ 5/16 ወይም 3/8 ኢንች ናቸው፣ ማለትም 7.9 ወይም 9.5 ሚሊ ሜትር። የሚያሽገው ከውስጥ ያለው ኦ-ሪንግ ነው። ወደ ኤኤን የሚቀይር አዳፕተር በሁለት መልክ ይገኛል። አንዱ በፕላስቲክ ቅንጥብ ይያዛል፣ ሌላው በጥርስ በሚጠብቅ ክዳን። ሁለተኛውን ውሰዱ። ሞተር በሚንቀጠቀጥበት ቦታ የነዳጅ መስመርን ለአንዲት ቅንጥብ አደራ መስጠት አልወድም። ከገጠማችሁ በኋላ በኃይል ወደ ኋላ ሳቡት፤ በደንብ ካልተያዘ ያኔ ይለቃል።

ደረጃ 4፦ ቱቦውንና ፊቲንጉን አንድ ላይ ምረጡ

ቱቦ ለብቻው፣ ፊቲንግ ለብቻው አይገዛም። በሽቦ የተጎነጎነ የጎማ ቱቦ አለ፣ በሽቦ የተጎነጎነ የቴፍሎን ቱቦም አለ። ከውጭ ሲታዩ አንድ ናቸው። ፊቲንጋቸው ግን ይለያያል። የቴፍሎኑ ፊቲንግ በውስጡ ትንሽ የብረት ቀለበት አለው፤ ቴፍሎኑን ጨብጦ የሚይዘው እሱ ነው። የጎማ ፊቲንግ ቴፍሎን ላይ ከገጠማችሁ ለጊዜው ይይዝና አንድ ቀን ግፊቱ አስፈንጥሮ ያወጣዋል።

የትኛው ይሻላል? ለተራ ቤንዚን ጥሩ የጎማ ቱቦ ይሠራል፤ በቀላሉ ይታጠፋል፣ ለመሥራትም ይመቻል። ነገር ግን ትነት በግድግዳው በኩል ቀስ እያለ ያልፋል። ጋራዡ ቤንዚን ቤንዚን ሲሸት የሚያንጠባጥብ ነገር ፍለጋ ቀኑን የሚያባክን ብዙ ነው። በዓመታት ውስጥም ጎማው ይደርቃል። ቴፍሎን ትነት አያሳልፍም፣ ኢታኖል አይበላውም። በኢ85 የምትሄዱ ከሆነ ወይም ወደፊት ካሰባችሁ ቴፍሎን ግዙ። ስትገዙም ውስጡ ጥቁር የሆነውን፣ ካርቦን ያለበትን ምረጡ። ነዳጅ በነጭ ቴፍሎን ውስጥ በፍጥነት ሲሄድ የማይንቀሳቀስ ኤሌክትሪክ ይጠራቀምና ግድግዳውን በጥቃቅን ቀዳዳ ሊበሳው ይችላል። ካርቦኑ ይህን ኤሌክትሪክ ወደ ፊቲንጉ ያወጣዋል።

የሽቦ ጉንጉን የሌለው ተራ የነዳጅ ጎማ የምትጠቀሙ ከሆነ ኤስኤኢ ጄ30አር9 የሚል ጽሑፍ ይኑረው፤ ለኢንጀክሽን ግፊት የተሠራው ያ ነው። ታንክ ውስጥ ነዳጅ ውስጥ የሚነከር ከሆነ ግን ጄ30አር10 መሆን አለበት። የተለመደው ጎማ ከውስጥ ብቻ ነው ነዳጅ የሚችለው። ከውጭም ሲነከር ያብጥና ይለሰልሳል፣ ፓምፑም ታንክ ውስጥ ማፍሰስ ይጀምራል። ከውጭ ምንም አይታይም፤ ግፊት ብቻ ይጠፋል።

ኦ-ሪንጎቹም ከነዳጁ ጋር ይስማሙ። ለቤንዚንና ለኢታኖል ቅልቅል ቫይተን የሚባለው ጎማ ጥሩ ነው። ኢፒዲኤም የፍሬን ዘይት ጎማ ነው፤ ቤንዚን ሲነካው ያብጣል። መልኩ ጥቁር ስለሆነ ከዕቃ ሳጥን ውስጥ ያገኛችሁትን ኦ-ሪንግ አትጠቀሙ።

ደረጃ 5፦ ቅርጹንና ብረቱን ምረጡ

ቀጥ ያለ፣ 45፣ 90፣ 120፣ 150 እና 180 ዲግሪ ጫፎች አሉ። ቱቦው በተፈጥሮው የሚሄድበትን አቅጣጫ አይታችሁ ምረጡ፤ ቱቦውን ጠምዝዞ ማስገባት የለም። የቴፍሎን ቱቦ በተለይ በጠባቡ ከታጠፈ ይሰበራል፣ አንዴ ከተሰበረ ደግሞ ወደ ቦታው አይመለስም። ያን ክፍል ቆርጣችሁ ጣሉት።

90 ዲግሪ ከፈለጋችሁ ከታጠፈ ቧንቧ የተሠራውን ምረጡ። ከጠጣር ብረት ተቆፍሮ የተሠራው ከውስጥ ሹል ማዕዘን ስላለው ፍሰትን ይይዛል። አንድ ሁለት ቢኖር ጉዳት የለውም፤ በመምጠጫው ወገን ግን አንድም አታድርጉ።

አሉሚኒየም ቀላል ነው፣ በየቦታውም ይገኛል። ለአብዛኛው ሥራ ይበቃል። ከቱርቦው አጠገብ፣ ደጋግሞ በሚፈታ ቦታና ክብደት ተሸክሞ በሚንቀጠቀጥ መገጣጠሚያ ላይ ግን ብረት አስገቡ። የአሉሚኒየም ሾጣጣ በተፈታና በተጠበቀ ቁጥር ይጎዳል። ነዳጁ ሜታኖል ከሆነ ያልተቀባ አሉሚኒየምን ይበላል። ስቴንለስ በስቴንለስ ላይ ከሆነ ደግሞ ጥርሱ ሊጣበቅ ስለሚችል ለጥርሱ የሚሆን ቅባት አይርሳችሁ።

ደረጃ 6፦ ሲገዙ ምን ይታያል

ፊቲንጉን አንሱና ሾጣጣውን ብርሃን ላይ አዙሩ። ፊቱ ለስላሳ መሆን አለበት። የማሽን ጭረት፣ ቡጭሪያ ወይም የቀለም ጉብታ ካለበት መልሱት። የሴቷን ዳዶ በእጃችሁ አዙሩ፤ ያለ መንቀርፈፍ መዞር አለባት። ውስጡን እዩ። ርካሽ ፊቲንግ ከውጭ ቁጥር 8 ሆኖ ውስጡ ከቁጥር 6 የማይሻል ሊሆን ይችላል። ወንዱንና ሴቷን ከአንድ አምራች መግዛት ጥሩ ልማድ ነው፣ በተለይ ቱቦና የቱቦ ጫፍ ሲሆን። የቱቦው ውፍረት ከአምራች አምራች ስለሚለያይ የአንዱ ፊቲንግ የሌላውን ቱቦ በደንብ ላይጨብጥ ይችላል።

ቀለም? የወደዳችሁትን።

ደረጃ 7፦ መገጣጠም

ቱቦውን የምትቆርጡበትን ቦታ በቴፕ አጥብቃችሁ ጠቅልሉ። በስለታም መቁረጫ ቀጥ አድርጋችሁ ቁረጡ፤ ውስጡን በአየር ንፉ። አንዲት የሽቦ ቁራጭ ኢንጀክተር ልትደፍን ትችላለች። የቴፍሎን ከሆነ ዳዶውን መጀመሪያ አስገቡ፣ ሽቦውን ከቴፍሎኑ ላይ ገለጥ አድርጉ፣ ቀለበቱን በቴፍሎኑና በሽቦው መካከል ቴፍሎኑ ጫፍ እስኪነካ ግፉ። ከቀለበቱ ስር የገባ አንድም የሽቦ ክር አይኑር፤ ያ ክር ወዲያው መንገድ ይከፍታል። ከዚያ ጫፉን ቀለል ያለ ዘይት ነክታችሁ አስገቡና አጥብቁ። ዳዶውና የፊቲንጉ አካል መካከል አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ክፍተት ሲቀር ይበቃል። ስታጠብቁ ቱቦው ወደ ኋላ እየሸሸ እንዳይሆን ከዳዶው ጀርባ ምልክት አድርጉ።

መኪናው ላይ ስትገጥሙ ፍሌሩን በእጅ እስኪቆም አጥብቁ። ቀጥሎ በቁልፍ አንድ ስድስተኛ ዙር፣ ማለትም የዳዶውን አንድ ጎን ያህል ጨምሩ። ሁለት ቁልፍ ተጠቀሙ፤ አንዱ ይይዛል፣ ሌላው ያዞራል። አለዚያ ኃይሉ ወደ ሬይሉ ይሄዳል። የሚያንጠባጥብ ፍሌር በኃይል አይድንም። ፍቱት፣ ሾጣጣውን እዩ፣ ቆሻሻ ካለ አጽዱ፣ ከተቧጨረ ቀይሩት።

መስመሩን ስትዘረጉ ሞተሩ እንደሚንቀሳቀስ አትርሱ። ከቻሲው ወደ ሞተሩ የሚሻገረው ቱቦ ትንሽ ላላ ይበል። ከ30 እስከ 45 ሳንቲ ሜትር ልዩነት በጎማ በተጠቀለለ ክላምፕ እሰሩት። የተጎነጎነ የሽቦ ቱቦ እየተንቀጠቀጠ የነካውን ሁሉ እንደ ሞረድ ይሞርዳል፤ የኤሌክትሪክ ገመድና የፍሬን ቧንቧ ሳይቀር። ከቱርቦውና ከጭስ መውጫው በተቃራኒ ወገን አሳልፉት። ካልተቻለ ሙቀት የሚከላከል ሽፋን አልብሱት። የግፊት ጌጅ ተሳፋሪ ክፍል ውስጥ ከፈለጋችሁ በኤሌክትሪክ ሴንሰር አድርጉት። ቤንዚን ያለበት ቱቦ ወደ ውስጥ አይገባም።

ደረጃ 8፦ ሳይነሳ ፈትሹ፣ ተነስቶም ፈትሹ

ከመኪና ውጭ የሠራችሁትን ቱቦ አንዱን ጫፍ ደፍናችሁ በሌላው መጠነኛ የአየር ግፊት ስጡና ውኃ ውስጥ ንከሩት። አረፋ ከሌለ አውጡ፣ ሙሉ በሙሉ አድርቁ። መኪናው ላይ ከገባ በኋላ ቁልፉን ደጋግማችሁ ክፈቱና ዝጉ፤ ፓምፑ መስመሩን ይሙላ፣ ሞተሩ ግን አይነሳ። በደረቅ ወረቀት እያንዳንዱን መገጣጠሚያ ጥረጉ። ዓይን ያላየውን እርጥበት ወረቀት ያሳያል። ወረቀት ላይ የሳላችሁትን ካርታ ያዙና ክቦቹን አንድ በአንድ ሰርዙ።

ከዚያ አስነሱ፣ ይሙቅ፣ አጥፉና እንዲቀዘቅዝ ተዉት። እንደገና በወረቀት ጥረጉ። ብዙ መገጣጠሚያ ቀዝቃዛ ሆኖ ይይዝና ከመጀመሪያው ሙቀት በኋላ ያልባል። ሁሉም ደረቅ ከሆነ በዳዶውና በፊቲንጉ ላይ በቀለም አንድ መስመር አስምሩ። መስመሩ ከተሰበረ ዳዶው ዞሯል ማለት ነው፤ ኮፈኑን በከፈታችሁ ቁጥር በአንድ እይታ ታያላችሁ።

የመጨረሻው ፈተና ጭነት ላይ ነው። የነዳጅ ግፊቱንና የቡስት ግፊቱን አብራችሁ መዝግቡ። የነዳጁ ግፊት ሲቀነስ ቡስቱ፣ ከታች እስከ ላይኛው ዙር ተመሳሳይ ቁጥር መስጠት አለበት። 3 ባር ከነበረ 3 ባር ይቆይ። ወደ ላይኛው ዙር ሲጠጋ እየወረደ ከሄደ እግራችሁን ከነዳጅ አንሱ፤ ነዳጅ ያነሰው ቱርቦ ሞተር ፒስተን ለማቅለጥ ጊዜ አይፈጅበትም። ከዚያ ከፊልትሮው በፊትና በኋላ ጌጅ አድርጉ። ከፊልትሮው በፊት ግፊቱ ደህና ሆኖ በኋላ ከወደቀ ፊልትሮው ወይም ፊቲንጎቹ ናቸው። በሁለቱም ቦታ አብሮ ከወደቀ ወደ ፓምፑ፣ ወደ ኤሌክትሪክ ገመዱና ወደ መምጠጫው ወገን ሂዱ።